ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ፤ ስለ በላዔ ሰብእ ታሪክ የቀረበ ሐተታ

የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የበላዔ ሰብእ ታሪክ የማይነሣበት ደብር አይገኝም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ይሰማዋል፤ ሽማግሌው ምርኵዙን ተደግፎ ያደምጠዋል፤ ሠዓሊው በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ይሥለዋል። ዳሩ ግን የታወቀ ነገር ሁሉ የተመረመረ አይደለም፤ እንዲያውም አብዝቶ የታወቀ ነገር መርማሪ ያጣል።

ስለዚህ ታሪክ ሁለት ወገን ሆነው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። አንደኛው ወገን ተማሪ ቤት የገባ፣ መጽሐፍ የሚያገላብጥ የከተማ ሰው ነው፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ ዳነ ማለት ፍርድን ማፍረስ ነው ብሎ ታሪኩን ይጸየፋል። ሁለተኛው ወገን ታሪኩን እጅግ የሚወድ ነው፤ በጥርኝ ውሃ ከተዳነ ምን ያስጨንቃል ብሎ የሠራተኛውን ደመወዝ እየያዘ በየወሩ ዝክር ይደግሳል፤ በድግሱም ላይ ራሱን በላይኛው ወንበር ያስቀምጣል። እነዚህ ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ታሪኩ ሥራ አያስፈልግም የሚል ነው ብለው ያምናሉ። አንዱ ስለዚህ ይጠላዋል፤ ሌላው ስለዚህ ይወደዋል። ታሪኩ እንዲህ የሚል እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግን ቃሉን ገልጦ መመልከት ያሻል።

ተአምረ ማርያም የአንድ ደራሲ ሥራ አይደለም። የብዙዎቹ ተአምራት ሥር በ12ኛው ምዕት ዓመት በፈረንሳይና በአካባቢው አገሮች በላቲን ቋንቋ የተሰበሰቡት ታሪኮች ናቸው። እነዚህ በመስቀል ጦረኞች ዘመን ወደ ምሥራቅ ተሻግረው በ13ኛው ምዕት ዓመት ወደ ዐረብኛ ተመለሱ፤ ከዚያም በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ገቡ። ልጁ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን በሥርዐት እንዲነበብ አደረገ። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ተርጓሚዎች ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ብዙ ታሪክ ጨመሩበት፣ የመጣውንም በአገር ቋንቋና በአገር ሐሳብ አሹት። እንግሊዛዊው ባጅ በ1900 በሎንዶን፣ ጣሊያናዊው ቼሩሊ በ1943 በሮማ ስለ ተአምራቱ ትልልቅ መጻሕፍት አሳትመዋል። ቼሩሊ በወረራው ዘመን በኢትዮጵያ ላይ ተሹሞ የነበረ ሰው ነው፤ የተወጋችን አገር መጽሐፍ እንዲህ በጥንቃቄ ማንበብና አገሪቱን በጦር መግዛት በአንድ ሰው ልብ እንዴት አብረው እንዳደሩ ራሱን የቻለ ሐተታ የሚያሻው ነገር ነው። ወደ ታሪኩ እንመለስ።

ቅምር በምትባል አገር አንድ ባለጸጋ ነበረ። እህል አይቀምስም፤ የእንስሳ ሥጋ አይበላም፤ ምግቡ የሰው ሥጋ ነው። ወዳጆቹን በላ፤ ዘመዶቹን በላ፤ በመጨረሻ ሚስቱንና ልጆቹን በላ። ቍጥራቸው 78 ነፍስ ሆነ። በቤቱ የሚበላ ሲጠፋ ቀስቱንና የውሃ መያዣውን ይዞ ወጣ። በመንገድ ላይ ሥጋው በቍስል የተመታ፣ የውሃ ጥም ያቃጠለው አንድ ነዳይ አገኘ። ነዳዩ ውሃ ለመነው። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ቢለምነው ተቈጣ፤ ስለ ጻድቃንና ስለ ሰማዕታት ብሎ ቢለምነው አልሰማም፤ ስለ እመቤታችን ስለ ማርያም ሲለው ግን ቆመ። ማን እንደ ሆነች ጠየቀ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ስሟ የሰማውን አሰበ፤ በመዳፉም ጥቂት ውሃ አጠጣው። ከዚህ በኋላ ከሰው ሥጋ ተከልክሎ ወደ ዋሻ ገብቶ በረኃብ እንደ ሞተ ይተረካል። የጨለማ መላእክት ነፍሱን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ እመቤታችን ለመነች፤ ጌታችንም ይመዘን አለ። ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላው ወገን ተደረገ። ውሃው ቀለለ። የእመቤታችን ጥላ ባረፈበት ጊዜ ግን ውሃው መዘነ።

ታሪኩ ይህ ነው። ስለ መነሻው ደግሞ መምህራን የሚተርኩት አለ፤ ይህን ትረካ ያልያዘ አንባቢ የተአምሩን ግማሽ አጥቷል። በትረካው የሰውየው ስም ስምዖን ነው። ስምዖን እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ መንገደኛ ሳያበላ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን በዚህ በጎነቱ ቀንቶ አብርሃም በመምሬ ሦስቱን እንግዶች እንደ ተቀበለ ያለውን መልክ ይዞ፣ በሥላሴ አምሳል፣ ወደ ቤቱ መጣ። ስምዖን ደስ ብሎት ተቀበለ፤ የሰባ ላም ሊያርድ ተነሣ። እንግዶቹ ግን ላሙን አንሻም፣ ልጅህን እረድልን አሉት። እርሱም አረደ። ሠርቶ ባቀረበ ጊዜ አንተ ቀድመህ ቅመስልን አሉት፤ ቀመሰ፤ እነርሱም ተሰወሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ትረካውን የሠራው ሊቅ ምን ያህል ጥልቅ ሰው እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ሃይማኖት ይበልጣልን ወይስ ምግባር እያሉ በየጉባኤው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ስምዖን ግን ሁለቱም ነበሩት። አመነ፤ እንዳመነም ሠራ፤ ሳያመነታ፣ ሳይዘገይ፣ አንድ ልጁን እስከ መስጠት ደርሶ ሠራ። በሃይማኖትና በሥራ ብዛት የሚመዘን ቢሆን ኖሮ በዚያች ቀን ከአብርሃም አጠገብ በተቈጠረ ነበር። ጠፋ እንጂ አልተቈጠረም። ስለ ምን ጠፋ?

አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ የጠራውን ድምፅ ያውቀው ነበር። ከአገሩ ያወጣው፣ በመንገድ የጠበቀው፣ ባረጀ ጊዜ ይስሐቅን የሰጠው ያው ድምፅ ነው። እምነቱ ከብዙ ዘመን ትውውቅ የተወለደ መታመን ነበር። ስምዖን ግን የእንግዶቹን መልክ ብቻ ዐየ። ቍጥራቸው ሦስት መሆኑን፣ ግርማቸው መለኮታዊ መምሰሉን ዐይቶ ልቡን ሰጠ። አብርሃም ካራውን ባነሣ ጊዜ እጁን የሚይዝ መልአክ መጣለት፤ በጉም በዱር ተይዞ ተገኘለት። ለስምዖን እጁን የሚይዝ አልመጣም፤ ይልቁንም ቅመስ ተባለ። እውነተኛው አምላክ የታመነበትን ሰው እጅ ሲመልስ ሐሰተኛው ግን ያስፈጽመዋል፤ ካስፈጸመውም በኋላ ያስቀምሰዋል። በዚህች አንዲት ልዩነት ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ አለ፤ ትረካውም ያለ ምንም ስብከት፣ በድርጊት ብቻ ይናገራታል። ስለ መታመን ብዙ ገጽ ከጻፉ መጻሕፍት ይህ ትረካ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ ሥራ የሌለው ሃይማኖት የሞተ መሆኑን ሲያስረዳ ሁለት ምስክር ያቆማል። አንደኛው ልጁን በመሠዊያው ላይ ያቀረበው አብርሃም ነው፤ ሁለተኛይቱ በኢያሪኮ መልእክተኞቹን ተቀብላ በሌላ መንገድ የሰደደቻቸው ዘማዊት ረዓብ ናት። ብዙ አንባቢ አብርሃምን ይዞ ረዓብን ይረሳል። ሁለቱ ለምን ጐን ለጐን ቆሙ? አንዱ የአበው አለቃ ነው፤ ሌላይቱ እንድትጠፋ በተፈረደባት ከተማ ቅጥር ላይ የምትኖር ሴት ናት። የእርሷ ሥራ ታላቅ መሥዋዕት አይደለም፤ ለመጣ ሰው በር መክፈት ነው። ሃይማኖቷም ብዙ ትምህርት አልነበረውም፤ ስለ እስራኤል አምላክ ከሩቅ የሰማችው ወሬ ብቻ ነበረ። ሰምታ ታመነች፤ ታምናም አንድ ነገር አደረገች።

እንግዲህ በላዔ ሰብእ አብርሃምን ሊመስል ወጥቶ ጠፋ፤ ረዓብን መስሎ ተገኘ። እርሱም ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ በልጅነቱ የሰማው የአንዲት እናት ስም። እርሱም ያደረገው ትንሽ ነገር ነው፤ በመንገድ ላይ ለጮኸ ሰው መዳፉን መዘርጋት። በእንግዳ ተቀባይነት የተጀመረው ታሪክ በእንግዳ ተቀባይነት ይፈጸማል፤ በመካከሉ ያለው ግን ገደል ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አምረው የመጡ ነበሩ፤ የመጨረሻው እንግዳ ሥጋው የቈሰለ ነዳይ ነው። ባማሩት ተታለለ፤ በቈሰለው ተገኘ። ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ከተራቡትና ከተጠሙት ጋር ራሱን አንድ አድርጎ እንደሚናገር የማቴዎስን ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ስምዖን አምላክን በቤቱ ተቀበልሁ ባለ ጊዜ አልተቀበለም ነበር፤ አምላክን እንደ ተቀበለ ባላወቀ ጊዜ ግን ተቀበለ።

በከተማው አንባቢ ዘንድ ትልቁ ዕንቅፋት የሦስቱ ልመና ነገር ነው። ስለ እግዚአብሔር ቢባል እምቢ ያለ ሰው ስለ ማርያም ሲባል እሺ ካለ፣ ታሪኩ እመቤታችንን ከልጇ በላይ አደረጋት ይላሉ። የውጭ ሚሲዮናውያንም ይህንኑ ክርክር ሲያቀርቡ ኖረዋል። በችኰላ ለሚያነብ ሰው እንዲህ ይመስላል። ዳሩ ግን ታሪኩ የስሞችን ማዕርግ አይደለም የሚናገረው፤ የአንድን የተሰበረ ሰው ጆሮ ነው የሚያሳየው። የመምህራኑ ትረካ ከተአምሩ ጋር አብሮ ሲነበብ የቍጣው ምክንያት ይገለጣል። ይህ ሰው የጠፋው በማን ስም ነበር? በአምላክ መልክ መጥተው አይደለምን ልጁን ያሳረዱት? ስለ እግዚአብሔር ሲባል የሚሰማው የዚያች ቀን ድምፅ ነው። የጻድቃንና የሰማዕታት ስምም አብሮ የቆሸሸበት ይሆናል። በተንኰለኛ አፍ የረከሰ ስም፣ ስሙ ቅዱስ ሆኖ ሳለ፣ ለተበደለው ሰው ቍስል ይሆንበታል። በሰይጣን ያልተነካችበት አንዲት በር ብቻ ቀርታለች፤ እርሷም ክፉ ነገር ሳያውቅ በሕፃንነቱ የሰማት ስም ናት። ማን ናት ብሎ የጠየቀውም ለዚህ ነው። ይህ ጥያቄ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ለመጀመሪያዎቹ እንግዶች እናንተ ማን ናችሁ አላላቸውም ነበር፤ አሁን ግን ሳያውቅ አያደርግም። ጠይቆ ታመነ። የተማረው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ እርሱንም በሰባ ስምንት ነፍስ ዋጋ ተማረው።

ካህናት በሚሰብኩ ጊዜ ይህን ቢያነሡት የከተማው ሰው ክርክር ግማሹ በወደቀ ነበር። በአምላክ ስም ገንዘብ የተበላበት፣ በአምላክ ስም ርስቱ የተነጠቀበት፣ በመስቀል ተምሎ የተከዳ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ እግዚአብሔር ሲባል ፊቱን ቢያጠቍር ከሓዲ ብሎ ከመንቀፍ በፊት በማን እጅ እንደ ቈሰለ መጠየቅ ይገባ ነበር።

ስለ ውሃው ደግሞ ጸሓፊው ያደረገውን ጥንቃቄ ተመልከት። ሰውየውን መላውን ውሃ እንዲሰጥ ማድረግ ይችል ነበር፤ ነዳዩን በጀርባው አዝሎ ወደ ምንጭ እንዲወስድ ማድረግም ይችል ነበር። እንዲህ ቢያደርግ ታሪኩ አምሮ ይጻፍ ነበር፤ ነገር ግን ይሞት ነበር። ጸሓፊው ሥራውን ከዚህ በታች ሊወርድ እስከማይችልበት ድረስ አሳነሰው። የነዳዩ ጕሮሮ በቅጡ ሳይርስ ውሃው ይቋረጣል። ሰጪው ንፉግ ነው፤ እጁ ገና መስጠትን አልለመደችም። እንዲህ ሲሆን ግን ሥራው ከቶ አልጠፋም። ባዶ አላደረገውም፤ ጥርኝ አደረገው። ያ እጅ ካራ የያዘ እጅ ነው፤ ሥጋ የቈረጠ እጅ ነው፤ አሁን ጐድጐድ ብሎ ጽዋ ሆነ። ጌታችን በወንጌል ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያጠጣ ሰው ዋጋ የተናገረውን የሚያውቅ ሊቅ ይህን ሲጽፍ ያን ቃል ከልቡ አልለየውም።

የቅኔ ተማሪ የሆነ ሰው በዚህ ታሪክ ሁለት ቃል ሳያስቆመው አያልፍም። አንደኛው ቅምር ነው። ሰሙ የአገር ስም ነው፤ ነገር ግን ቀመረ ማለት ቈጠረ፣ አሰላ ማለት እንደ ሆነ የባሕረ ሐሳብ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቍጥር አገር ሰው በቍጥር ተያዘ፤ ሰባ ስምንት ተብሎ አንድ ሳይጐድል ተቈጠረበት። ይህ የስሙ ምንጭ ነው ማለት አይደለም፤ ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ ጆሮ የሚሰማው ነው። ሁለተኛው ጽላሎት ነው፤ በአማርኛ ጥላ የምንለው። በሉቃስ ወንጌል ቅዱስ ገብርኤል ለእመቤታችን የልዑል ኃይል እንደሚጋርዳት በነገራት ጊዜ በግእዝ የቆመው ግሥ ጸለለ ነው። እንግዲህ በሚዛኑ ላይ ያረፈው ጥላ የራሷ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ እርሷን የጋረደው ነው። ማደሪያ የሆነችለትን ለሌላው ታካፍላለች። በሐዋርያት ሥራ በ5ኛው ምዕራፍም የጴጥሮስ ጥላ እንዲያርፍባቸው ሕሙማን በአደባባይ ይዘረጉ ነበር። ጥላ ክብደት የለውም፤ በየትኛውም ሚዛን አይመዘንም። ጸሓፊው ክብደት የሌለውን ነገር መርጦ ሚዛኑን ያዘነበለው በስንፍና አይደለም። እጇን ጫነችበት ቢል ኖሮ ማታለል በሆነ ነበር፤ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት በድሮ ሥዕሎች እመቤታችን መቍጠሪያዋን በሚዛኑ ላይ ስታኖር ትታያለች። ጥላ ግን ከባዶ ላይ ቢያርፍ ባዶ ነው። የሚያርፍበት ነገር ይሻል፤ ያም ነገር ጥርኙ ውሃ ነው። ውሃው ባይኖር ጥላው በምን ላይ ያርፍ ነበር? እጁን አጣጥፎ ድግስ የሚደግሰው ባለጸጋ ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ መልካም ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ለታሪኩ ምስጋና ነው። ነቀፋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ወዳጅ የሆነ ሐያሲ ሊሸሽገው የማይገባ አንድ ትልቅ ጕድለት አለበት። ሰባ ስምንቱ ሰዎች የት አሉ? በሚዛን ላይ በአንድነት ተጭነው ይታያሉ፤ ከዚያ በቀር ድምፅ የላቸውም። አንዱ ስንኳ ስም የለውም። ሚስቲቱ ባሏ ወደ እርሷ በመጣ ጊዜ ምን አለች? ልጆቹስ አባታቸውን እንዴት ዐዩት? አቤል በወንድሙ እጅ በወደቀ ጊዜ ደሙ ከምድር ጮኾ እንደ ተሰማ ኦሪት ይናገራል፤ እዚህ ግን ሰባ ስምንት ደም ዝም ይላል። በዳዩ ዳነ ተብሎ እልል ሲባል ተበዳዮቹ ምን እንዳገኙ አይነገርም። ምናልባት ጸሓፊው አንድ ታሪክ ለአንድ ነፍስ ይበቃል ብሎ ይሆናል፤ ምናልባትም በሚዛን ላይ መቀመጣቸው ራሱ አለመረሳታቸው ነው ይባል ይሆናል። ይህ መልስ ከፊል እውነት አለው፤ የታሪኩ ሰማይ ነገሩን አቃልሎ አላለፈውም፤ መዝኖታል። ነገር ግን ልጁን በሰው እጅ ያጣች እናት ከምእመናን መካከል ቆማ ይህን ተአምር ስትሰማ ልቧ የሚሻውን ቃል አታገኝም። ሰባኪ የሆነ ሁሉ ይህን ዐውቆ ቢሰብክ የሚያጐድለው ነገር የለም።

ይህ ጕድለት ጐልቶ የሚታየው ሌላ የሚዛን ታሪክ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። የግብጽ ስንክሳር በእኛ ጥር 25 በሚውለው ቀን ጴጥሮስ የሚባል ቀራጭ ይዘክራል፤ ታሪኩም በ7ኛው ምዕት ዓመት ከነበረው ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከመጽዋቹ ዮሐንስ ገድል ጋር ይገኛል። ጴጥሮስ ርኅራኄ የሌለው ሰው ነበረ። አንድ ቀን ነዳይ ሲጨቀጭቀው የሚወረውረው ድንጋይ ቢያጣ እንጀራ አንሥቶ በቍጣ ወረወረበት። በሌሊትም በሕልሙ ሚዛን ዐየ፤ በአንድ ወገን ኀጢአቱ ሁሉ ተከምሯል፤ በሌላው ወገን መላእክት የሚያኖሩት ሲያጡ ያችን በቍጣ የተወረወረች እንጀራ አኖሩ። ነቅቶ ደነገጠ። በቍጣ የተጣለች እንጀራ እንዲህ ከሆነች በፈቃድ የተሰጠችማ እንዴት ትሆን ብሎ ሀብቱን በተነ፤ በመጨረሻም ራሱን ለባርነት አሽጦ ዋጋውን ለድኾች ሰጠ።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። በሁለቱም ሥራው ጥቂትና ጐደሎ ነው፤ በሁለቱም ሚዛን አለ። ዳሩ ግን ለጴጥሮስ ሚዛኑ በሕይወቱ መካከል መጣለት፤ ከሚዛኑ በኋላ ቀን ቀረለት፤ ቀኑንም ሠራበት። የበደላቸው ድኾች እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉት ነገር አለ። ለበላዔ ሰብእ ግን ሚዛኑ ከሞት በኋላ ነው። ከጥርኙ ውሃ እስከ ሞቱ ድረስ ያለችው ዘመን አጭር ናት፤ እርሷም የዋሻዋ ዘመን ናት። ሰባኪዎች ይህችን ዋሻ ዘለው ወደ ሚዛኑ ይሮጣሉ። ስሕተት ነው። ሌላ ምግብ የማያውቅ ሰው ከምግቡ ተከለከለ ማለት ሊሞት ፈቀደ ማለት ነው። ሰው ከመብላት ራሱ መራብ መረጠ። ለሞቱት የሚመልስላቸው አንዳች የለውም፤ ሰባ ዘጠነኛው ሰው ግን እንዳይኖር ማድረግ ይችላል፤ ያንም አደረገ። ውሃውን ብቻ ተናግሮ ዋሻውን የሚተው ሰባኪ ለሕዝቡ የታሪኩን ማር እየሰጠ መድኃኒቱን ያስቀራል።

ወደ ዘመናዊው ድርሰት ዘወር ብንል፣ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሮማ ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ የተማረከውን አባት ለመቤዠት የሚራዳ ደግ ነጋዴ አለ። ቸርነቱ እጅግ የሚያምር ነው፤ ልጁ ዋሕድም ውለታውን ሊመልስ እርሱን ፍለጋ እስከ መንከራተት ይደርሳል። አንባቢ ይህን ነጋዴ ይወደዋል። አይፈራበትም፣ አይፈራውምም። ደግ ሰው ደግ ነገር ሲያደርግ ማየት ደስ ያሰኛል እንጂ አያስደነግጥም፤ አንባቢው በነጋዴው ወንበር ራሱን አስቀምጦ ይሄዳል። በላዔ ሰብእ ግን ማንም በወንበሩ ሊቀመጥ የማይሻ ሰው ነው። ስለዚህ የቀድሞው ታሪክ በድርሰት ጥበብ ካዲሱ ያነሰ ቢመስልም ወደ ሰው ልብ የሚገባበት በር የጠለቀ ነው። አፈ ወርቅ በቋንቋ ውበት የሚያህለው እጅግ ጥቂት ነው፤ መልካምነትን ግን ያለ ትግል አቀረበው።

የኪዳኑን ቃል ራሱን ማስተዋልም ይገባል። ጌታችን ለእመቤታችን ስለ ስሟ የሰጠው ተስፋ በመጽሐፉ ሲነበብ በስሟ ስለሚደረገው ሥራ በዝርዝር የሚናገር ነው፤ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ፣ ያዘነን ማጽናናት ይነሣበታል። ስሙን መጥራት ብቻውን አልቆመም። በአንዳንድ ቤት ግን ዝክሩ የዘመድና የጎረቤት ባለጸጋ መገናኛ ሆኗል፤ ነዳዩ በደጅ ቆሞ ትርፍራፊ ይጠብቃል። በላዔ ሰብእ ያዳነችው ጥርኝ ውሃ ለማን ነበረ የተሰጠችው ብሎ የሚጠይቅ የማኅበር ሙሴ ቢገኝ ጽዋው በመጀመሪያ የሚቀዳለት ሰው በተለወጠ ነበር።

ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ ሲሥሉ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ሥጋ ይዞ፣ ቀጥሎ ሚዛኑን፣ በላዩም እመቤታችንን ያሳያሉ። ነዳዩ በሁለቱ መካከል ትንሽ ሆኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ይሣላል። ጸሓፊውም ነዳዩን እንዲሁ በመንገድ ዳር ትቶታል። ውሃው ከተቋረጠ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ፣ ሌላ ሰው አግኝቶ እንደ ጠጣ፣ ወይስ እዚያው እንደ ቀረ ምንም ቃል የለም። ሰጪው ሰማይ ደረሰ፤ ተቀባዩ ጕሮሮው በከፊል ርሶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ዳር ተቀምጧል።